በወጣቶችና በአዋቂዎች የሳይንስ ልብ ወለድ መካከል ስላለው ልዩነት

በአርሲ፣ በሲሬ፣ ተረት በቀን አይነገርም። ማታ እሳት ዳር በመጀመሪያ ሂቦ፣ ማለት እንቆቅልሽ፣ ይቀድማል፤ ከዚያ በኋላ አያታችን ኦዱ ዱሪያቸውን ይጀምሩ ነበር። ለኛ ሲያወሩ ልጁ ከጅብ አፍ ያመልጣል። የተኛን መስሏቸው ለጎረቤት ሽማግሌ ያንኑ ሲያወሩ ግን ጅቡ ልጁን ሲበላው ሰምተናል። ያን ጊዜ እንደ ማታለል ቈጠርነው።

ይህን ያነሣነው የሳይንስ ልብ ወለድን ታሪክ ስንመረምር የአያታችንን ሥራ የሚመስል ነገር ደጋግሞ ስላጋጠመን ነው።

ብዙዎች ለወጣቶች በሚጻፈው ውስጥ ሳይንሱ የቀለለ ይመስላቸዋል። ይህ አሳብ ስሕተት ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ሃይንላይን ከ1947 እስከ 1958 እ. ኤ. አ. ስክሪብነር ለተባለው አሳታሚ ዐሥራ ሁለት የወጣቶች መጻሕፍት ጽፏል። ከነዚህ በአንዱ ላለች አንዲት መስመር ሲል ከባለቤቱ ጋር ሦስት ቀን በስሌት እንደ ደከመ ራሱ ተናግሯል። በ1959 ያቀረበውን «ስታርሺፕ ትሩፐርስ» ግን ስክሪብነር አልቀበልም አለው። መጽሐፉ ስለ ጦርነትና የመምረጥ መብት ለማን እንደሚገባ አጥብቆ ይከራከር ነበርና። ሌላ ቤት አሳተመው፤ በማግሥቱም ዓመት የሁጎን ሽልማት አገኘ። እንግዲህ ልዩነቱን ከሳይንሱ ይልቅ በአሳታሚው ዘንድ መፈለግ ይገባል። የወጣቶችን መጽሐፍ በብዛት የሚገዙት መጻሕፍት ቤቶች ነበሩ፤ አንባቢው ሌላ፣ ገዢው ሌላ ነው።

ነገሩ ከዚያም በፊት የነበረ ነው። ፈረንሳዊው ዡል ቬርን፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤታችን አሳጥረው የጻፉትን በእንግሊዝኛ ያነበብነው፣ ከ1864 ጀምሮ ታሪኮቹን ኤትዘል በሚያወጣው የቤተ ሰብና የልጆች መጽሔት ላይ ያትም ነበር። ወደ ሰሜን ዋልታ የተጓዘውን ካፒቴን ሃትራስን መጨረሻ ላይ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ጥሎት ነበር፤ ኤትዘል ይዳን አለ። ሃትራስ ዳነ፤ ነገር ግን አብዶ ተመለሰ። (ከሞትና ከእብደት የትኛው ለልጅ እንደሚቀል ለኛ ግልጽ አይደለም።) ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ የጻፈውን ጨለማ መጽሐፍ ደግሞ ኤትዘል ጨርሶ አልተቀበለውም፤ የታተመው በ1994 ነው።

መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ ይኸው ተደገመ። ሃይንላይን በ1963 ባሳተመው «ፖድኬይን ኦቭ ማርስ» ልጅቷ እንድትሞት ጽፎ ነበር፤ አሳታሚው አስለወጠውና ተረፈች። ደራሲው ራሱ መጽሐፉን የልጆች ነው አይልም ነበር። የመጀመሪያው መጨረሻ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። በ1993 ሎይስ ላውሪ ለልጆች በጻፈችው «ዘ ጊቨር» ልጁ ይሙት ይዳን ሳይለይ መጽሐፉ ያልቃል፤ ሽልማትም አግኝቷል። በ2008 በወጣው «ዘ ሀንገር ጌምስ» ደግሞ ልጆች እርስ በርሳቸው ይገዳደላሉ፤ መደርደሪያው ግን የወጣቶች ነው። ስለዚህ ሞት ድንበር መሆኑ ቀርቷል። የቀረው የባለታሪኩ ዕድሜና ዓለምን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይበት ዓይን ይመስለናል። አዋቂ ባለታሪክ የሚያጣው ነገር አለው፤ ወጣቱ ገና የሚያገኘውን አያውቅም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ክርክሩ መልኩን ይለውጣል። በ2001 ዓ. ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በናሳ የሠራ ኢትዮጵያዊ ሊቅን ከጣና ገዳማት ጋር ያገናኘ ልብ ወለድ ነው። ባለታሪኮቹ አዋቂዎች ናቸው፤ ለወጣቶች የተለየ ነው የሚል ማንም አልጻፈበትም። ይሁን እንጂ ተማሪው አነበበው። የወጣቱን ድርሻ ወጣቱ ራሱ ወሰደ ማለት ነው፤ አሳጥሮ የሚያቀርብለት ኤትዘል አልነበረውምና። ይህ ነፃነት ነው ወይስ ጉድለት? ወደ ጉድለት እናደላለን። በእኩያው ዓይን ጠፈርን የሚያይ የአርሲ ልጅ በአማርኛ መጽሐፍ አላነበብንምና።

ሲሬ ሳለን መጽሐፉ የደረሰን ከብዙ እጅ በኋላ ነው። ሽፋኑ የለም፤ ከመጨረሻውም ጥቂት ገጾች ጐድለዋል። ታናናሾቻችን ማታ እሳት ዳር «ከዚያስ?» ብለው ሲያስጨንቁን ያልደረስንበትን ከራሳችን ጨመርንላቸው፤ ሁሉንም በሰላም ወደ ቤታቸው መለስናቸው።