ከጣሪያ የወደቁት ድመቶች፦ ለተማሪዎቼ ያለብኝ እርማት

የዛሬው ጽሑፍ በተለይ ለቀድሞ ተማሪዎቼ ነው። ዕዳ አለብኝ።

ሰሞኑን አንዲት የድሮ ተማሪዬ በኢንቦክስ ጻፈችልኝ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ክፍል ውስጥ ስለ እንግሊዝኛ ፈሊጣዊ አነጋገር ሲወራ እጇን አውጥታ እኔ አስረኛ ክፍል የነገርኳትን ታሪክ ተናገረች፣ መምህሩም ሳቀባት። «ቲቸር፣ ያ የጣሪያው ታሪክ ውሸት ነው እንዴ?» ትለኛለች።

መቼም ታስታውሱታላችሁ። «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» ማለት እኛ «ዶፉን አወረደው» የምንለው ነው። ትርጉሙ ላይ ችግር የለም። ችግሩ ጨምሬ የነገርኳችሁ ነው፦ ድሮ እንግሊዝ አገር ድመትና ውሻ ሳር ክዳን ጣሪያ ላይ ይተኙ ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ ሳሩ እያዳለጣቸው ይወድቁ ነበር፣ አባባሉም ከዚያ መጣ። እናንተ ሳቃችሁ፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ደወል ተደወለ።

እኔ'ኮ ሳር ቤት ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ! ዝናብ ሲመጣ ድመታችን የት እንደምትገባ አውቃለሁ፤ ምድጃ ዳር ነው። ውሻ ጣሪያ ላይ ተኝቶማ በዕድሜዬ አላየሁም። ግን ታሪኩ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ብቻ አመንኩት።

ታሪኩ የተሰራጨው በ1999 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በኢሜይል ሲዞር በነበረ፣ «ሕይወት በ1500ዎቹ» በሚል ጽሑፍ ነው። መጽሐፍ ላይ ያለው ማስረጃ ሌላ ነው። በ1653 በታተመ የሪቻርድ ብሮም ኮሜዲ ውስጥ ውሻና ፖልካት እንደሚዘንብ ይነገራል። ፖልካት ሽታው የሚከረፋ የዱር እንስሳ ነው። በ1738 ደግሞ የጉሊቨርን ጉዞ የጻፈው ጆናታን ስዊፍት፣ በጨዋ ሰዎች የተሰለቸ ወሬ ለማፌዝ ባሳተመው መጽሐፍ «ድመትና ውሻ» የሚለውን አስገባው። ያኔ ራሱ ያረጀ አባባል ነበር ማለት ነው። ለምን ድመትና ውሻ ሆነ? ግምቱ ብዙ ነው፣ የተረጋገጠ የለም። ተማሪ ፊት ቆሞ «አይታወቅም» ማለት ግን እንዴት እንደሚከብድ መምህር የሆነ ያውቀዋል።

ከዚያው ኢሜይል የወሰድኩት ሌላው ታሪክ የበለጠ ያሳፍረኛል። «ሕፃኑን ከመታጠቢያው ውሃ ጋር አትድፋ» የሚለው፤ መጥፎውን አስወግዳለሁ ብለህ ጥሩውንም አብረህ አትጣል ለማለት ነው። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ውሃ ይታጠብ ነበር፣ መጀመሪያ አባት፣ መጨረሻ ሕፃን፣ ውሃው ከመደፍረሱ የተነሳ ልጁ አይታይም ነበር ብዬ በቾክ ሥዕል ሁሉ ሠርቼላችኋለሁ።

አባባሉ የጀርመኖች ነው። በ1512 ቶማስ ሙርነር የሚባል መነኩሴ በቂሎች ላይ ባሾፈበት መጽሐፍ ውስጥ፣ አንዲት ሴት ውሃውን ከነልጁ ስትደፋ ከሚያሳይ ሥዕል ጋር ይገኛል። በእንግሊዝኛ ደግሞ ቶማስ ካርላይል በ1849 አንድ መጽሔት ላይ የጀርመኖች አባባል ብሎ ጻፈው። ስለ ምን እየጻፈ መሰላችሁ? ስለ ባርነት! እንግሊዝ በግዛቶቿ ባርነትን የሚሽረውን ሕግ በ1833 አውጥታለች፤ እሱ ግን በካሪቢያን ደሴቶች ነፃ የወጡት ጥቁሮች ተገደው መሥራት አለባቸው ብሎ ይከራከራል። የሚደፋው ቆሻሻ ውሃ በባርነት ውስጥ የነበረው ግፍ ነው። «ሕፃኑ» ደግሞ፣ ከባርነት ውስጥ መትረፍ አለበት የሚለው መልካም ነገር!

ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። እኛ ክፍል ውስጥ የሳቅንበት ሕፃን እሱ ነበር። አባባሉን አትጠቀሙ አልልም፣ ጀርመኖች ከሰውዬው በፊት ከ300 ዓመት በላይ ተጠቅመውበታል። እኔ ግን በዚያ ቦታ የመታጠቢያ ቀልድ ነው ያስተማርኳችሁ።

ለዚያች ልጅ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ሃንድአውቱ አሁንም እጃችሁ ላይ ካለ፣ በተለይ ታናናሾቻችሁ እያጠኑበት ከሆነ፣ ሁለተኛውን ገጽ ሰርዙልኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሉት ትርጉሞች ልክ ናቸው። ሌላም የነገርኳችሁ እንዲህ ያለ ታሪክ ትዝ የሚላችሁ ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ አጣራለሁ።