ምላጭና አማና፦ ከመካ እስከ አዲስ ቅዳም ገበያ

ቢስሚላሂ አር-ረህማኒ አር-ረሂም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሃቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የዛሬው ርዕሳችን አንዲት ትንሽ ዕቃ ናት። ዋጋዋ ርካሽ ነው፤ በመስኮት ደፍ ላይ ወይም በሳሙና ዕቃ ውስጥ ተቀምጣ ትገኛለች፤ ልጆች እንዳይነኳት እንቆጣለን። ምላጭ ናት። ስለ እርሷ ታሪክ አለ ወይ ብትሉን፣ አዎ፣ አለ እንላለን።

ከራሳችን እንጀምር። ደረሳ በነበርንበት ጊዜ ለጁምዓ ለመዘጋጀት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ራሳችንን እንላጭ ነበር። አንዱ ውሃ ያፈሳል፣ አንዱ ሳሙና ያሻል፣ ከፍ ያለው ልጅ ይላጫል። ሸኻችን እጀታው ውስጥ የሚታጠፍ ረጅም ምላጭ ነበራቸው። መጀመሪያ በድንጋይ ይስሉታል፤ ቀጥለው በቆዳ ቀበቶ ላይ ወዲያና ወዲህ ያመላልሱታል። የመላጨቱ ተራ ለእኛ ሲደርሰን ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ጸጉሩ ወደ ተኛበት አቅጣጫ መላጨቱን ብዙም ሳንቆይ ለመድን። ነገር ግን እንዲህ የተላጨ ራስ በእጅ ሲዳሰስ ትንሽ ይሻክራል። እኛ ደግሞ እንደ መስተዋት እንዲያበራ ፈለግን። ስለዚህ አንድ ቀን ምላጩን ከጓደኛችን ማጅራት ወደ ላይ፣ ጸጉሩ ከተኛበት በተቃራኒ፣ ገፋነው። ቆዳውን በሌላ እጃችን አልወጠርንም፤ ሳሙናውም ደርቆ ነበር። ደሙ እስከ ቀሚሱ አንገትጌ ወረደ።

ሸኻችን አልመቱንም። ምላጩን ከእጃችን ተቀብለው፣ “ልጄ፣ ምላጩ ስለታም መሆኑን አውቀሃል፤ ጸጉሩ ወዴት እንደተኛ ግን አልጠየቅህም። ወንድምህ አንገቱን ሲሰጥህ አማና ነው የሰጠህ” አሉን። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ውሃ ከማፍሰስ በቀር ሌላ ሥራ አልተሰጠንም። ይህ “አማና” የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ የገባን ግን ኋላ ሲራና ሐዲስ ስንቀራ ነው።

በ4ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ625 ገደማ፣ ኹበይብ ኢብን ዐዲይ (ረ.ዐ) የተባሉ ሰሃባ በክህደት ተይዘው መካ ላይ ተሸጡ። የገዟቸው የአልሓሪስ ኢብን ዓሚር ልጆች ነበሩ፤ አባታቸው በበድር ስለተገደለባቸው በምትኩ ሊገድሏቸው ነው የገዟቸው። ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ኹበይብ ሞታቸውን በሚጠባበቁበት ቤት ሰውነታቸውን ለማጽዳት ከአልሓሪስ ሴት ልጅ ምላጭ ተዋሱ። እናቲቱ ሳታይ ትንሽ ልጇ ወደ እስረኛው ሄደ። ዞር ስትል ልጇ በኹበይብ ጭን ላይ ተቀምጧል፤ ምላጩም በእጃቸው ነው። ደነገጠች። ኹበይብም ድንጋጤዋን አይተው፣ እገድለዋለሁ ብላ እንዳትሰጋ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንደማያደርጉ ነገሯት። ልጁ በሰላም ወደ እናቱ ተመለሰ። እርሳቸው ግን ከሐረም ክልል ውጭ ተወስደው፣ ሁለት ረከዓ ሰግደው ተገደሉ። ያቺ ሴት ከኹበይብ የተሻለ እስረኛ አይታ እንደማታውቅ መስክራለች። ሰውየው የሚሞቱበትን ቀን እየጠበቁ፣ የጠላት ልጅ በጭናቸው፣ ስለት በእጃቸው ሆኖ ሳለ፣ የተዋሱትን ምላጭ ለተዋሱበት ጉዳይ ብቻ አዋሉት።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 628)፣ ሙስሊሞች ለዑምራ ወጥተው ሑደይቢያ ላይ ታገዱ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መሥዋዕታችሁን እረዱ፣ ተላጩም ሲሉ ሰሃቦች ከሐዘን ብዛት የተነሣ ከተቀመጡበት አልተነሡም። ያን ጊዜ እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ማንንም ሳያነጋግሩ ወጥተው የራሳቸውን እንስሳ እንዲያርዱና ላጫቸውን እንዲጠሩ መከሯቸው። ረሱልም እንዲሁ አደረጉ። የሲራ ጸሐፊዎች የላጯቸው ኺራሽ ኢብን ኡመያ አልኹዛዒ እንደሆኑ ይጽፋሉ። ይህን ሲያዩ ሰሃቦችም ተነሥተው እርስ በርሳቸው ይላጩ ጀመር። ዘገባው ከጭንቀታቸው የተነሣ ሊጋደሉ ተቃርበው ነበር ይላል። ምላጭ በሐዘንና በችኮላ ሲያዝ ምን እንደሚመስል ከዚህ እንረዳለን።

በ10ኛው ዓመት (እ.ኤ.አ. 632) በመሰናበቻው ሐጅ ደግሞ ሚና ላይ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) የላጩት መዕመር ኢብን ዐብዱላህ (ረ.ዐ) ናቸው። በሙስነድ አሕመድ እንደተዘገበው፣ ምላጩ በመዕመር እጅ ሳለ፣ የአላህ መልእክተኛ የጆሮአቸውን ጫፍ እንዳመኑት ረሱል አስታወሷቸው። መዕመርም ይህ ከአላህ የተሰጣቸው ጸጋ መሆኑን መለሱ። ሥራው ከቀኝ በኩል ተጀመረ፤ በእርጋታም ተፈጸመ። ሸኻችን “አንገቱን ሲሰጥህ” ያሉት ከዚህ የመጣ ነው።

ውድ አድማጮች፣ ይህ መተማመን በልብ ብቻ የሚቀር አልነበረም፤ በገበያ ሥርዓትም ገባ። በጥንት የሙስሊም ከተሞች ሙህተሲብ የሚባል ሹም ነበር። ሚዛን ያያል፣ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ሐኪሙን፣ ላጩንም ይቆጣጠራል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በሻም ምድር የኖሩት ዐብዱረህማን አሽ-ሸይዘሪ ለእነዚህ ሹሞች መመሪያ ጽፈዋል። የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ላጭ ቀልጣፋና ሙያውን የሚያውቅ፣ ምላጩም የሰላ እንዲሆን ያዛሉ። በሥራው ቀን ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት እንዳይበላ፣ ያለ አሳዳጊው ፈቃድም የልጅን ጸጉር እንዳይላጭ ይከለክላሉ። ከሁሉ ያስገረመን ግን ላጩ የጸጉሩን መብቀያ ፊት ለፊት እንዳይጋፈጥ ማሳሰባቸው ነው። እኛ በጓደኛችን ማጅራት ላይ የሠራነውን ጥፋት እኚህ ሰው ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ጽፈው አስጠንቅቀውበታል ማለት ነው።

ለረጅም ዘመን መላጨት የሌላ ሰው ሥራ ነበር። ራስን በራስ መላጨት በመጽሐፍ እስከ መማር የተደረሰው ቆይቶ ነው። ዣን-ዣክ ፔሬ የተባለ የፓሪስ ስለት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1769 ራስን መላጨት ስለ መማር መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያም አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት የሚጣለውን ስስ ምላጭ ይዞ መጣ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1903 የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ግን የመላጫው ሽያጭ ከ90 ሺህ አለፈ። የዚህች ምላጭ ጥቅሟ ሁለት ነው፦ በመያዣዋ ውስጥ ስለምትገባ በጥልቀት አትቆርጥም፤ ርካሽ ስለሆነች ደግሞ ትጣላለች።

እኛ ባደግንበት አካባቢ ግን ወደ ቤት የገባችው ያለ መያዣዋ ነው። በሁለት ጣት ተይዛ ጸጉር ትላጫለች፣ ጥፍር ትቆርጣለች፣ ክር ትበጥሳለች። የምትጣለውም ዛገች ሲባል ነው። አዲስ ቅዳም ላይ፣ ከዳንግላና ከእንጅባራ መካከል ባለችው ከተማችን፣ በገበያ ቀን ከሰል ሸጦ የተመለሰ ገበሬ በገበያው ዳር ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲላጭ፣ ላጩ ያቺኑ ምላጭ በጨርቅ ጠርጎ ቀጣዩን ሰው ሲጠራ በዐይናችን አይተናል። በእኛም ቤት ያው ነው፤ አንዲት ምላጭ ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከአባት ወደ ልጅ ትሄዳለች።

በአገራችን የኤች አይ ቪ ቫይረስ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1984 ታወቀ፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1986 ተመዘገቡ። በኋላ በየመስጂዱም በየቤተ ክርስቲያኑም ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ ተብሎ ተመከረ። እርግጥ ነው፣ ቫይረሱ በብዛት የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ነገር ግን ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል። በጨርቅ የተጠረገ ምላጭ ለዐይን ንጹሕ ቢመስልም ንጹሕ አይደለም። ያን ሐሙስ በጓደኛችን ደም የራሰው ምላጭ ታጥቦ ለቀጣዩ ልጅ እንደተሰጠ ስናስታውስ ዛሬም ይዘገንነናል። በሽታውን አናውቅም ነበር፤ አሁን ግን እናውቃለን፤ ያወቀ ሰው ደግሞ ይጠየቃል።

አሁን ለሚማር ወጣት የምንለው ይህ ነው። ጢምን በተመለከተ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ ማሳደግ ስለሆነ ንግግራችን ስለ ራስና ስለ ማጅራት ነው። ከመላጨትህ በፊት ጸጉሩን በመዳፍህ ዳስስ። የሚለሰልስበት አቅጣጫ የተኛበት ነው፤ የሚሻክርበት ተቃራኒው ነው። አናት ላይ ጸጉሩ ስለሚዞር አቅጣጫው ይለዋወጣል። በሞቀ ውሃና በሳሙና አለስልሰው፤ ቆዳውን ወጥር፤ ረጅሙን ምላጭ ከቆዳው ጋር ወደ 30 ዲግሪ አዘንብለህ ያዝ፤ አትጫን። መጀመሪያ ወደ ተኛበት ላጭ። እንደገና ሳሙና ቀብተህ ወደ ጎን ሂድ። በተቃራኒ መሄድ የመጨረሻው ነው፤ እጅህ ሲረጋ፣ ያውም ካስፈለገ። እንደ እኛ የተጠቀለለ ጸጉር ያለው ሰው በተቃራኒ ሲላጭ ጸጉሩ ከቆዳው በታች ይቆረጥና ሲያድግ ወደ ውስጥ ተመልሶ ያሳብጣል። ማጅራት ላይ የምናየው ሽፍታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው። ትንሽ ሻካራ መሆን ነውር የለበትም።

እናቶች ሆይ፣ በዐቂቃ ቀን፣ በሰባተኛው ቀን፣ የሕፃኑን ራስ ስታስላጩ እርግብግቢቱ ገና እንዳልጠነከረ አስታውሱ። ላጩ በሥራው የታወቀ ይሁን፣ ምላጩም ከወረቀቱ ዐይናችሁ እያየ የወጣ አዲስ ይሁን፤ በተቃራኒ አቅጣጫም አይሞከር። የጸጉሩን ክብደት በብር መዝናችሁ ሰደቃ የምትሰጡ ሰዎች የአንዲት ምላጭ ዋጋ አይከብዳችሁም። ላጭ ወንድሞቻችንም ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ አውጡ፤ ያገለገለውን ልጆች በማያገኙት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ። ተላጪም አዲስ ይሁንልኝ ለማለት አይፈር።

ያ ጓደኛችን ዛሬ የልጆች አባት ነው። ጠባሳው ከማጅራቱ አልጠፋም። ስንገናኝ በጣቱ እያሳየ ይስቅብናል፤ እኛም እንስቃለን፣ እናፍራለንም። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወአላሁ አዕለም።