ፌገሳክ

ፌገሳክ በሰሜን ጀርመን በቬዘር ወንዝ ቀኝ ዳርቻ የሚገኝ የብሬመን ከተማ ክፍል ነው። ራሱን የቻለ ከተማ ሆኖ ቆይቶ በ1939 እ.ኤ.አ. በብሬመን ተጠቃለለ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)።

ወደቡ የተሠራው በደለል ምክንያት ነው። ቬዘር በደለል እየተሞላ ትልልቅ መርከቦች እስከ ብሬመን መዝለቅ ስለ ተሳናቸው፣ ከ1619 እስከ 1623 የሆላንድ ግንበኞች እዚህ ወደብ ቆፈሩ። በጀርመን በሰው እጅ ከተሠሩት ወደቦች ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። ጭነቱ ከዚህ በትናንሽ ጀልባዎች ወደ ብሬመን ይወሰድ ነበር። ደለሉ ግን አልቆመም፤ በ1827 ብሬመን ወደ ባሕር በቀረበ ስፍራ ብሬመርሃፈንን ስትመሠርት ፌገሳክ ዋና ወደብነቱን አጣ። የቀረለት መርከብ መሥራትና ዓሣ ማጥመድ ነበር።

መርከብ ሠሪው ዮሐን ላንገ በ1817 አገልግሎት የጀመረችውን «ዲ ቬዘር» የተባለች የእንፋሎት መርከብ የሠራው በዚህ ነው። ሞተሯ ከእንግሊዝ መጣ እንጂ በጀርመናዊ እጅ የተሠራች የመጀመሪያዋ የእንፋሎት መርከብ ናት።

በ1893 የተመሠረተው ብሬመር ፉልካን የላንገን መሥሪያ ወርሶ ለመቶ ዓመት ያህል የአካባቢው ዋና አሠሪ ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ70 በላይ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን ሠርቷል። በአቅራቢያው በምትገኘው ፋርገ ደግሞ «ቫለንቲን» የተባለው ግዙፍ የኮንክሪት ምሽግ ከ1943 እስከ 1945 ድረስ በግዳጅ ሠራተኞችና በእስረኞች ጉልበት ተገነባ። ከ1,000 በላይ ሰዎች አለቁበት፤ አንድም ሰርጓጅ መርከብ ግን አልተሠራበትም። ዛሬ የመታሰቢያ ስፍራ ነው።

የፉልካን ውድቀት የመጣው ከጀርመን ውሕደት በኋላ ነው። ኩባንያው በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን የነበሩ የመርከብ መሥሪያዎችን ገዛ፤ ለእነርሱ የተሰጠው የመንግሥት ድጎማም ወደ ኩባንያው የጋራ ካዝና ገብቶ የሌሎች ክፍሎችን ኪሳራ መሸፈኛ ሆነ። የጠፋው ከ800 ሚሊዮን ዶች ማርክ በላይ ነበር። ኩባንያው በ1996 ከሠረ፤ በ1997 የመጨረሻው መርከብ ሲወጣ በሩ ተዘጋ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ሥራቸውን አጡ። ይሁንና ሙያው ከአካባቢው ፈጽሞ አልጠፋም፤ ሉርሰን የተባለው ኩባንያ የቅንጦት መርከቦችን በመሥራት ይታወቃል።

የአካባቢው ታሪክ የሚታይበት የሾነቤክ ግንብ ሙዚየም፣ ከመርከብ ሥራ ቅርሶች ጋር የፌገሳክ ተወላጅ የሆነውን የጌርሃርድ ሮልፍስን (1831–1896) ስብስብም ይዟል። ይህ አሳሽ በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር ኢትዮጵያን አይቷል። በ1880–81 ደግሞ የጀርመኑን ንጉሠ ነገሥት የቀዳማዊ ቪልሄልምን ደብዳቤ ይዞ ደብረ ታቦር ድረስ በመሄድ ከዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ጋር ተገናኝቷል።