ሰባት ሳንቲም፣ ሰባት ዚንክ

በልጅነታችን የሬዲዮው ድምፅ ሲደክም የባትሪ ድንጋዩን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር። ትዕግሥት የሌለው ደግሞ በጥርሱ ይነክሰው ነበር። ትምህርት ቤት ስንሄድ ያው ድንጋይ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ሰሌዳ ላይ አንድ ረጅምና አንድ አጭር መስመር ይሰመራል፣ “ባትሪ” ይባላል፣ እንገለብጣለን፣ እንፈተናለን። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የነገረን አልነበረም።

ይሄን ያስታወሰን የማይክል ፋራዴይ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1791 እንግሊዝ ውስጥ ከብረት ቀጥቃጭ ቤት ተወለደ። (ቀጥቃጭ እኛ አገር ስንት ስም እንደወጣለት አንባቢ ያውቃል!) በ14 ዓመቱ ለንደን ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ሊለምድ ገባ፤ ሰባት ዓመትም ቆየ። ሱቁ ውስጥ ያገኘውን ያነብ ነበር። ካነበባቸው አንዱ ጄን ማርሴት ስለ ኬሚስትሪ የጻፈችው ነው፤ አንዲት መምህርት ከሁለት ልጃገረዶች ጋር እየተጨዋወተች የምታስተምርበት መጽሐፍ። የመጀመሪያው እትም ላይ የደራሲዋ ስም እንኳ አልነበረም።

ልጁ ግን አንብቦ አልተቀመጠም። በ1812 ሰባት የግማሽ ፔኒ የመዳብ ሳንቲሞችና በነሱ ልክ የተቆረጡ ሰባት የዚንክ ክቦች አዘጋጀ። በየመሃሉ በጨው ውሃ የራሰ ወረቀት እያደረገ ደረደራቸው። ጣሊያናዊው ቮልታ በ1800 ለዓለም ያሳወቀውን ባትሪ በገዛ እጁ ሠራ ማለት ነው። ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ጫፍ ወጥቶ፣ ዞሮ ወደ ሌላው ጫፍ የሚመለስበት መንገድ ካገኘ ይፈስሳል፤ አንድ ቦታ ከተቋረጠ ቀጥ ይላል። ሰርኪዩት የሚባለው ይሄው ዙሪያ መንገድ ነው።

ጠራዡ ልጅ በ1831 ማግኔትን በማንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚቻል አሳየ። የዛሬው ግድብና ጄነሬተር የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ከ1827 እስከ 1860 ደግሞ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የገና ትምህርቶችን 19 ጊዜ ሰጠ፤ ልጆች ፊት ቆሞ፣ በእጁ እየሠራ፣ እያሳየ።

ከኛ ክፍል ስንቱ ልጅ አንዲት አምፖል ሳያበራ “ፊዚክስ አይገባኝም” ብሎ ተሰናበተ? ጭንቅላት ጎድሎት ነው ብለን አናምንም። የጎደለው ሽቦ ነው።

ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፣ አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ትንሽ የባትሪ አምፖልና ሁለት ቁራጭ ሽቦ ስጧቸውና ዝም ብላችሁ እዩ። ከግድግዳው ሶኬት ብቻ አርቋቸው።