ትራክተርና ክረምት በአርሲ፤ ከትናንት እስከ ዛሬ

የመጽሔቱ አዘጋጆች በአካባቢያችን ስላለው የእርሻ መካናይዜሽን ታሪክ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ማረስ ነበር። ነገር ግን በቅርብ ላየው ሰው ትራክተር ከሚያርስበት ጊዜ የሚቆምበት ይበልጣል። በእኛ ወረዳ የስንዴ ዘር ሰኔና ሐምሌ ላይ ሲያልቅ ትራክተሩ እስከ መስከረም ሥራ ይፈታል፤ ኮምባይነር ደግሞ የመኸሩን አጨዳ ጨርሶ ከቆመ ቀጣዩ ኅዳር እስኪደርስ አይነሳም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው ስለ መቆም ነው።

በአርሲ ስለ ትራክተር ሲነሳ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሁላችንም ካዱ ብለን የምናውቀው፣ ሳይነሳ አይቀርም። ካዱ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር በ1960 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን ማዕከሉ አሰላ ነበር። የታሰበው አነስተኛውን አርሶ አደርና ጭሰኛውን በምርጥ ዘር፣ በማዳበሪያና በብድር ለመርዳት ነው። ይሁን እንጂ ስንዴው አትራፊ መሆኑ ሲታይ ባለ ርስቶቹ መሬቱን ራሳቸው ማረስ ፈለጉ። በዚያን ጊዜ ትራክተር ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር፤ ለእርሻ የሚውለው ነዳጅም የግብር እፎይታ ነበረው። አንድ ትራክተር የብዙ ጭሰኛ በሬ የሚሠራውን ስለሚሠራ ጭሰኛው አላስፈላጊ ሆነ፤ ብዙዎችም ከኖሩበት መሬት ተፈናቀሉ። በዚህ አገር ትራክተር መጣ ማለት ለስንቱ ቤተሰብ ጓዝህን ጠቅልል ማለት እንደነበር አዛውንቶቻችን ዛሬም ያስታውሳሉ። በማኅበራችን አባልነት ካሉት አባቶች መካከል የተፈናቃይ ልጆች ስላሉ ይህን ሳይጽፉ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 ይህን ታሪክ ዘጋው። መሬቱ የሕዝብ ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተደረገ። የትልልቆቹ እርሻዎች መሣሪያም ወደ መንግሥት ይዞታ ገባ። በ1970ዎቹ ናዝሬት ላይ፣ በዛሬዋ አዳማ፣ ቤላሩስ ትራክተሮች መገጣጠም ሲጀምሩ የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም በመንግሥት ግፊት በየቦታው ይደራጁ ነበር። ማልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ የሚባሉት ደረጃዎች የዚያን ዘመን ሰው አይረሳቸውም። የካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ገበሬው ከአምራች ማኅበራቱ እየወጣ መሬቱን ተከፋፈለ። መሬት ይከፈላል፤ ትራክተር ግን አይከፈልም። አንዱ ጎማውን፣ ሌላው ባትሪውን ሲወስድ አካሉ ሜዳ ላይ ቀረ። በልጅነታችን እየወጣን የምንጫወትበት የዛገ ብረት የዚያ ዘመን ቅሪት መሆኑን ያወቅሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው።

አሁን የምንሠራበት አደረጃጀት መነሻው አዋጅ ቁጥር 147/1991 ሲሆን በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተክቷል። አባልነት በፈቃድ፣ ትርፍም እንደ ተሳትፎ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥና ታክስ ነፃ እንዲገቡ ሲፈቅድ ለዩኒየኖችም በር ተከፈተ። ትራክተር ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል፣ እንግዳ ይጠራል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን መጠለያ ሲሠራ ሪባን ሲቆረጥ አይቼ አላውቅም። ለመሣሪያ ግዥ የተዘጋጀ የሥራ ዕቅድ ቀርቦልኝ ማቆሚያ የሚል የበጀት ርዕስ ያጣሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

የእኛም መጠለያ የተሠራው በዚሁ መንፈስ ነው። የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተቀበረ፣ ላዩ ቆርቆሮ ለበሰ፣ በቃ። አሠራሩ በራሱ ስህተት አይደለም። የአሜሪካ ገበሬዎችም በእነሱ አቆጣጠር በ1930ዎቹ፣ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ ምሰሶ መሬት ውስጥ ቀብሮ በቀላል ወጪ የእርሻ ሕንፃ መሥራትን አስፋፍተዋል። እኛም ዳስ መጣል ከጥንት እናውቅበታለን። ልዩነቱ ዳስ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ስለሆነ ከጥቂት ቀን በኋላ ይፈርሳል። የቀድሞ ሰው ዘላቂ ቤት ሲሠራ ለምሰሶ ጥድና ወይራ ይመርጥ ነበር፤ ምስጥ ቶሎ አይደፍራቸውምና። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተስፋፋው ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ቀጥ ይላል፣ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሳይታከም ከተቀበረ ለምስጥ ግብዣ ነው።

ካቻምና ሚያዝያ ላይ በምሰሶዎቹ ሥር የአፈር መስመር ሲወጣ አይቻለሁ። የምስጥ መንገድ እንደሆነም አውቄያለሁ። ለሰብል ምስጥ እንዴት እንደምንከላከል አርሶ አደሩን ስመክር ውዬ በቢሮዬ በር ላይ ያለውን ለወሩ ሪፖርት አንድ መስመር ጽፌ አለፍኩት። በሐምሌ አንድ ሌሊት ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ ምሰሶዎቹ ከመሬት ጋር በሚገናኙበት ቦታ ተቆርጠው ወደቁ። ሰው አልተጎዳም። ትራክተሩ ግን ቀሪውን ክረምት ደጅ ነበር፤ የማርሚታው ክዳንም ተሰብሮ ነበርና ውሃ በጭስ መውጫው በኩል ወደ ሲሊንደሩ ገባ። በጥቅምት ሾፌሩ ሳያይ ሲያስነሳው ፒስተኑ ውሃውን ሊጨምቅ ሞከረ። አየር ይጨመቃል፤ ውሃ አይጨመቅም። ቢዬላው ተጣመመ።

ያ ጥገና ከአባላት የትርፍ ክፍፍል ላይ ተቀንሷል። በጠቅላላ ጉባኤው አንዲት እናት ተነስተው ለዘር መጋዘን ያለን ሰዎች ለዘሩ ማረሻ ቤት ለምን እንዳጣንለት ሲጠይቁ ከመድረኩ መልስ የሰጠ አልነበረም። እኔም ከጎን ተቀምጬ ዝም አልኩ።

አዲሱ መጠለያ ዘንድሮ ሲሠራ ምሰሶው መሬት አልነካም። ከመሬት ከፍ ያለ የሲሚንቶ መሠረት ተሠርቶ ምሰሶው በብረት ማሰሪያ በላዩ ቆሟል። ምስጥ በሲሚንቶውም ላይ የአፈር መንገዱን ሠርቶ መውጣት ይችላል፤ ግን አሁን መንገዱ ስለሚታይ በመጥረጊያ ይፈርሳል። የተቃጠለ ዘይት መቀባት እንደ ድሮው በቂ ነው የሚሉ አሉ። ዘይቱ ከላይ ብቻ ስለሚቀር ምስጡን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ አፈሩንና ውሃውንም ይበክላል። ምሰሶዎቹ ነፋስ ሲመታቸው እንዳይዋልሉ በሰያፍ እንጨት ተያይዘዋል፤ ዙሪያውን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ተቆፍሯል።

ስለ መሣሪያው አቋቋም በኮሌጅ የተማርነው ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉ መሣሪያን ለዊንተር ማዘጋጀት የሚል ምዕራፍ ነበረው፤ እኛም ክረምት ብለን ተረጎምነው። ይዘቱ ግን በራዲያተር ውስጥ ውሃ በረዶ እንዳይሆን ስለሚጨመር ፈሳሽ ነው። የእነሱ ክረምት ብርድ ነው፣ የእኛ እርጥበት። በበቆጂ በኩል ውርጭ የሚመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት ወዲህ ባሉት ሌሊቶች ነው። በሐምሌ ጠላታችን ዝገት ነው።

በመሆኑም መጀመሪያ መታጠብ አለበት፤ ጭቃ እርጥበት ይዞ ያቆያል። በኮምባይነር ውስጥ የቀረ እብቅና ስንዴ አይጥ ይጠራል፣ አይጡም ሽቦ ይበላል። የማረሻው ዲስክ ደርቆ ግሪስ ይቀባል። ባትሪው ተፈትቶ ደረቅ ቦታ ጣውላ ላይ ይቀመጥና በየወሩ ይሞላል፤ ቆሞም ቢሆን ኃይሉ ይቀንሳልና። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ተረግጦ በእንጨት ይታሰራል፤ አለዚያ በእርጥበት ሊጣበቅ ይችላል። የጭስ መውጫው በጣሳ ይደፈናል። ጎማው ከመሬት እንዲነሳ ትራክተሩ በክሪክ ተነስቶ ግንድ ላይ ይቀመጣል።

ያከራከረን ናፍጣው ነው። ጎዶሎ ታንከር ውስጥ ቀንና ሌሊቱ ሲፈራረቅ አየሩ ውሃ ያወጣል፤ ውሃው ታች ተቀምጦ ፓምፑንና ኖዝሉን ያበላሻል። ስለዚህ ታንከሩ ሞልቶ መክረም አለበት። ሙሉ ታንከር ናፍጣ ሐምሌን በሙሉ ክፍት ግቢ ውስጥ ማሳደር ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ የጥበቃ ሠራተኛው እኔን ልታስከስሰኝ ነው ወይ ብሎ ተከራከረኝ። በመጨረሻ ክዳኑ ቁልፍ ተደርጎለት ቁልፉ ከሒሳብ ሹሟ ዘንድ ሆነ።

አንድ ነገር ቀርቶናል። መጠለያው ሲለካ ትራክተሩን እንጂ ኮምባይነሩን ያሰበ ሰው ስላልነበረ የእህል ማራገፊያ ቧንቧው ከጣሪያው ማገር ጋር ይጋጫል። ለጊዜው ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ በሸራ ተሸፍኖ ውጭ ነው። በአንድ በኩል ጣሪያውን ከፍ የማድረግ ሐሳብ ለሥራ አመራር ኮሚቴው ቀርቧል፤ ቆርቆሮውም ተገዝቶ መጋዘን ገብቷል።