ወፎች የሸሸጉትን ፍሬ ፍለጋ

በአውሮፓ ጫካዎችና ጓሮዎች የሚኖረው ማርሽ ቲት 12 ግራም ያህል የሚመዝን ወፍ ነው። ምግቡን እንደ ገበሬ በአንድ ጎተራ አያከማችም፤ እያንዳንዷን ፍሬ በዛፍ ቅርፊት ስንጥቅ ወይም በረገፈ ቅጠል ሥር ለየብቻ ይሸጉጣል። ይህን ልማድ በስፋት ካጠኑት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ ኖርዌያዊው ስቫይን ሃፍቶርን ነው፤ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ታትመዋል።

አከራካሪው ጉዳይ የተሸሸገውን ማን ይበላዋል የሚለው ነበር። በ1978 ማልቴ አንደርሰንና ጆን ክሬብስ፣ ደባቂው ከሌሎች የበለጠ ካልተጠቀመ ልማዱ እንደማይዘልቅ በስሌት አሳዩ፤ ሳይለፋ የሚበላው ይበልጠዋልና። ማስረጃው ግን ከጫካ መምጣት ነበረበት። ክሬብስ፣ ሪቻርድ ካዊና ዴቪድ ሼሪ በኦክስፎርድ አቅራቢያ ባለው ዋይታም ጫካ ጥቂት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የተቀባ የሱፍ ፍሬ ለወፎቹ አቀረቡ፤ ከዚያም የተደበቀውን በጨረር መለኪያ እያሰሱ አገኙት። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው፤ በዓይን ቢፈለግ ማን ያገኘዋል? በየመደበቂያው አቅራቢያ ሌላ ፍሬ አስቀምጠው ሲያነጻጽሩ፣ ቶሎ የሚጠፋው ወፉ ራሱ የሸሸገው ሆነ። በ1981 የወጣው ይህ ውጤት ወፉ ቦታውን እንደሚያስታውስ ጠቆመ።

በ1989 ደግሞ ምግብ የሚሸሽጉ ወፎች ለቦታ ትውስታ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል፣ ከአካላቸውና ከቀሪው አንጎላቸው አንጻር ሲመዘን፣ ከማይሸሽጉት የገዘፈ መሆኑ ተዘገበ።