በምስጢር የተቆለፈ መኪና

በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መኪና ለመስረቅ ካቻቪቴና ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ሌባው ማስነሻውን በጉልበት ያዞራል፤ ያ ካልሆነለት ከመሪው ሥር ሽቦ ልጦ ያገናኛል። በእንግሊዝና በዌልስ ብቻ በዓመት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ የመኪና ስርቆት በፖሊስ መዝገብ ይሰፍር ነበር። ካሳ መክፈል የሰለቻቸው የጀርመን ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ኢሞቢላይዘር የሚባለው ኤሌክትሮኒክ የሞተር ማገጃ እንዲገጠም ገፉ። የአውሮፓ ኅብረትም በ1995 መመሪያ አውጥቶ፣ ከጥቅምት 1998 ጀምሮ ማገጃው በአዲስ የቤት መኪና ሁሉ ላይ እንዲኖር አስገደደ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ማገጃዎቹ አንድ በአንድ ተሰብረዋል። ብዙ ሰው ይህን የሚያስረዳው በሌቦች ረቂቅነት ነው። ማስረጃው ግን ወደ ሌላ ወገን ይጠቁማል፦ አምራቾቹ አሠራሩን መደበቅን የጥንካሬ ምትክ አድርገው ያዙት፤ ድብብቆሹ ደግሞ ከሌባው ይልቅ የመኪናውን ባለቤት አሳወረ።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ጄኔራል ሞተርስ በ1986 ኮርቬት ላይ የገጠመው ዘዴ ትንሽ ሬዚስተር በቁልፉ ምላስ ላይ የሚያስቀምጥ ነበር፤ መኪናው ሬዚስተሩን ለክቶ መጠኑ የራሱ ካልሆነ አይነሳም። የመጠኑ ዓይነት በጠቅላላ 15 ብቻ ስለነበር ሁሉንም መሞከር ትዕግሥት እንጂ ዕውቀት አይፈልግም። የ1990ዎቹ ማገጃ ከዚህ በእጅጉ የተሻለ ነው። በቁልፉ የፕላስቲክ ራስ ውስጥ ባትሪ የሌለው ቺፕ ይቀበራል፤ በማስነሻው ዙሪያ የተጠመጠመው የሽቦ ጥቅል ቁልፉ ሲገባ ለቺፑ ኃይል ይሰጠዋል። መኪናው በዘፈቀደ ያወጣውን ቁጥር ይልካል። ቺፑ ያንን ቁጥር በሆዱ ካለው ምስጢራዊ ቁጥር ጋር በአንድ ቀመር አዋህዶ መልስ ይሰጣል። መኪናውም ያንኑ ስሌት በራሱ ሠርቶ ሁለቱ መልሶች ከተስማሙ ሞተሩ እንዲነሳ ይፈቅዳል። ጥያቄው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የትናንቱን መልስ ቀድቶ ዛሬ ማሰማት አይሠራም። ሐሳቡ ያኔም ዛሬም እንከን የለበትም። የሚቀረው ቀመሩ ምን ያህል ይጠነክራል፣ ምስጢራዊ ቁጥሩስ ምን ያህል ይረዝማል የሚለው ነው፤ እዚያ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሠራው ዲኤስቲ40 የተባለ ቺፕ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቁልፎች ውስጥ ገብቶ ነበር። ምስጢራዊ ቁጥሩ 40 ቢት ነው፤ ከአንድ ትሪሊዮን በላይ አማራጭ ማለት ነው። ለሰው ይህ ማለቂያ የለውም፤ ለኮምፒውተር ግን ጥቂት ነው። የአውሮፓው ግዴታ ሥራ ላይ በዋለበት በዚያው በ1998፣ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ባሠራው ማሽን ዴስ የተባለውን የ56 ቢት ቀመር በ56 ሰዓት ውስጥ ሰብሮ አሳይቷል። የዴስ አማራጮች ከዲኤስቲ40 በ65 ሺህ እጥፍ ይበልጣሉ። ስለዚህ የ40 ቢት ቁልፍ ገና መንገድ ላይ ሲወጣ ዕድሜው አጭር እንደሆነ መገመት የሚቻል ነበር። ሆኖም ቀመሩ ተደብቆ ስለነበር ከውጭ ሆኖ ይህን የሚናገር አልተገኘም። በ2005 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና የአርኤስኤ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ለቺፑ ጥያቄ እየላኩ መልሱን እያጠኑ ቀመሩን ከውጭ ሆነው አወጡት። ከዚያ ለዚሁ ሥራ ያዘጋጇቸውን 16 ቺፖች ጎን ለጎን አሰልፈው የአምስት ቁልፎችን ምስጢር ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ አገኙ። በተገኘው ቁጥርም የራሳቸውን ፎርድ አስነሱ፤ በዚያው ቺፕ በሚሠራው የኤክሶን ሞቢል መክፈያም ነዳጅ ቀዱ።

ይህ ብቻውን ቢሆን አንድ ያረጀ ቺፕ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። በ2012 ግን 48 ቢት ያለው ሂታግ2 የተባለ ሌላ ቺፕ በጥቂት ደቂቃዎች እንደሚሰበር ተመራማሪዎች አሳዩ። በ2016 ደግሞ የቮልስዋገን ግሩፕ በሃያ ዓመት ውስጥ ካመረታቸው መኪኖች የአብዛኞቹ የበር ሪሞት በጥቂት የጋራ ምስጢራዊ ቁጥሮች ላይ የቆመ መሆኑ ታወቀ። ለእኛ ጎዳና የሚቀርበው ግን በ2020 የሉቨንና የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ነው። የዲኤስቲ40 ተተኪ የሆነው ዲኤስቲ80 በርዝመቱ የሚታማ አይደለም፤ 80 ቢት አለው። ሆኖም በአንዳንድ የቶዮታ ሞዴሎች፣ አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ የምናያቸውን ኮሮላ፣ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ጨምሮ፣ ምስጢራዊው ቁጥር የሚሰላው ከቁልፉ መለያ ቁጥር ነበር። መለያ ቁጥሩን ደግሞ ቁልፉ ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል፤ በር ቆልፎ ቁልፉን ጉበኑ ላይ እንደ መተው ነው። በኪያና በሃዩንዳይ ሞዴሎች ደግሞ ከ80ው ቢት ውስጥ በእርግጥ በዘፈቀደ የተመረጠው 24ቱ ብቻ ነበር፤ ላፕቶፕ ይህን በቅጽበት ይጨርሰዋል። ይህን ዓይነት ስህተት ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የጎደለው ከፋብሪካው ውጭ የሚያይ ዓይን ነው።

አንድ ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሳል፤ ከባድም ነው። እነዚህ ደካማ የተባሉ ማገጃዎች ስርቆትን ቀንሰዋል። የኢኮኖሚ ምሁራኑ ቫን ኡርስና ቮላርድ የኔዘርላንድስን መረጃ አጥንተው፣ ከ1995 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ግዴታው የመኪና ስርቆትን በአማካይ በ40 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ ደምድመዋል። ማገጃው ከናካቴው ሲቀር የሚሆነውን ደግሞ አሜሪካ አሳየች። ሕጉ ስለማያስገድድ ከ2015ቱ የኪያና የሃዩንዳይ ሞዴሎች ማገጃ ከፋብሪካ የገባላቸው 26 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በሌሎች አምራቾች ዘንድ 96 በመቶ ደርሶ ነበር። ውጤቱም ከሚልዋኪ ተነስቶ ወደ ሌሎች ከተሞች የተዛመተ የጎረምሶች ዘረፋ ሆነ፤ መሣሪያቸው የዩኤስቢ ገመድ ጫፍ ነው። ስለዚህ ደካማ ማገጃ ከምንም ይሻላል ማለት ትክክል ነው። ነገር ግን ቁጥሩ የሚነግረን የተባረረው ማን እንደሆነ ነው፦ ለአንድ ሌሊት መንዳት የሚፈልገው ጎረምሳ ሄደ፤ መሣሪያ የሚገዛውና መኪና ወደ ውጭ የሚያሻግረው ባለሙያ ቀረ። ባለሙያውን የሚያቆመው የቀመሩ ጥንካሬ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ድክመትን ማሳተም ሌባን ማስተማር ነው የሚለው፣ ከመኪና በፊት የነበረ ነው። በ1851 አልፍሬድ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ ለንደን ውስጥ የቻብንና የብራማን ዝነኛ ቁልፎች ሲከፍት ይኸው ክስ ቀርቦበት፣ ሌቦቹ ሙያቸውን ከእኛ አስቀድመው ያውቁታል ብሎ ተከራክሯል። በ1883 ኦጉስት ኬርክሆፍስ ስለ ወታደራዊ ምስጢር ሲጽፍ፣ አንድ ዘዴ አሠራሩ በጠላት እጅ ቢወድቅም እንኳ መጽናት አለበት አለ፤ ምስጢሩ ሁሉ በቁልፉ ላይ መሆን አለበት ማለቱ ነው። ይህ መርህ መቶ ዓመት አልፎት ሳለ፣ በ2013 ቮልስዋገን ሜጋሞስ ክሪፕቶ በተባለው ቺፕ ላይ የተሠራ ጥናት እንዳይታተም ከእንግሊዝ ፍርድ ቤት እግድ አወጣ። ጥናቱ የታተመው በ2015 ነው፤ ያውም አንድ ዓረፍተ ነገር ተቆርጦለት። ተመራማሪዎቹ ግን ቀመሩን ያገኙት ለቁልፍ ሠሪዎች ከሚሸጥ ሶፍትዌር ውስጥ ነበር፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ በኢንተርኔት ይገኛል። እግዱ በቆየበት ሁለት ዓመት ሳያውቅ የቀረው የመኪናው ባለቤት ነው።

መከራከሪያዬ የማይደርስበት ቦታ እንዳለም አልክድም። ቁልፉን ከኪስ ሳያወጡ የሚከፈቱ መኪኖች ቀመራቸው የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ ሁለት ሌቦች የቁልፉን ምልክት ከቤት ውስጥ እስከ መኪናው ድረስ በመሣሪያ ከተቀባበሉት ይከፈታሉ። በ2011 የዙሪኩ ኢቲኤች ተመራማሪዎች በስምንት አምራቾች አሥር ሞዴሎች ላይ ይህ እንደሚሠራ በይፋ ጽፈዋል። ኢንዱስትሪው ሰምቶ ዓመታት ፈጀ፤ መታተም ብቻውን ሰሚ አያመጣም። ይሁንና ገበያው ውስጥ ሌላ ዓይነት ዕውቀት ማንም ሳያትመው ይዞር ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በብሉቱዝ ስፒከር ቀፎ ውስጥ የተደበቀ መሣሪያ ለሌቦች ይሸጣል። ሌባው የፊት መብራቱን አካባቢ ፈልቅቆ ከመኪናው የውስጥ ሽቦ ጋር ያገናኘዋል። ያ የውስጥ መሥመር የሚመጣለትን መልእክት ማን እንደላከው ሳይጠይቅ ስለሚያምን፣ ሐሰተኛው መሣሪያ ቁልፉ ትክክል ነው ብሎ ይነግረውና በሩም ሞተሩም ይታዘዛሉ። ይህ ዘዴ በ2023 ለሕዝብ በዝርዝር የተገለጸው በአምራቹ ማስታወቂያ አልነበረም። ቶዮታ ራቭ4 መኪና ከተሰረቀባቸው ባለቤቶች አንዱ በአጋጣሚ የመኪና ኮምፒውተር ደኅንነት መርማሪ ነበርና ነው።